ውፍረቱ ያው 14 ነው፤ ታዲያ የክሬን ገመድ ዋጋው ለምን ተለያየ?

ጀማሪ_ፎርማን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 14 ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው የምሠራው። ታወር ክሬናችን እስከ 6 ቶን ያነሳል። የማንሻው ገመድ አርጅቷል፣ መቀየር አለበት። የክሬኑ መጽሐፍ «14 ሚሊሜትር፣ 35×7፣ የማይሽከረከር፣ ደረጃ 1960» ይላል። መርካቶ የጠየቅነው ነጋዴ ደግሞ 6×36 አለኝ አለ። «ውፍረቱ ያው 14 ነው፣ ጥንካሬውም ያው ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ይቀንሳል» አለን። ባለቤቱ ደስ ብሎታል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ነገ ከሰዓት መልስ ይፈልጋል። የምታውቁ ንገሩኝ።

ቆጣቢው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ወንድሜ፣ ነጋዴው እውነቱን ነው። እኛ ሞባይል ክሬን ላይ 6×36 ስንጠቀም ዓመታት ተቆጠሩ፣ ምንም አልሆንም። 35 ምናምን የሚባለው ቅንጦት ነው። ደረጃው 1960 ከሆነና ውፍረቱ ከገጠመ ጫነው። ዶላር በሌለበት ጊዜ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እናሟላ ካልን ሥራ ይቆማል።

ሜካኒካል_እህት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ነጋዴው አልዋሸም። መልሱ ግን ለሌላ ጥያቄ ነው። እስቲ እናስላው።

የገመድ ዝቅተኛ የመበጠሻ ጉልበት የሚገኘው እንዲህ ነው። ውፍረቱን በራሱ ታባዛለህ፣ በሽቦው ደረጃ ታባዛለህ፣ ከዚያ ለየገመዱ ዓይነት በተሰጠ ቁጥር ታባዛለህ። የብረት ኮር (የመሃል እምብርት) ላለው 6×36 ቁጥሩ 0.356 ነው። ለ35×7 ደግሞ 0.360። ስለዚህ 14 ሚሊሜትር፣ ደረጃ 1960 የሆነ 6×36 ወደ 137 ኪሎ ኒውተን ይችላል። 35×7 ወደ 138። ሁለቱም 14 ቶን ገደማ ናቸው። በዚህ በኩል ነጋዴው ትክክል ነው። (በነገራችን ላይ 1960 የሽቦው ጥንካሬ ነው። «የ1960 ሞዴል ነው፣ አሮጌ ነው፣ አልገዛም» ያለ ግዢ ክፍል አጋጥሞኛል። አልቀልድም።)

ልዩነቱ ያለው አገማመዱ ላይ ነው። 6×36 ማለት 36 ገደማ ሽቦ ያላቸው 6 ጉንጉኖች በአንድ ኮር ዙሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጠምዝዘው ማለት ነው። ጭነት ሲመጣ ሁሉም በአንድነት መፈታት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገመዱ ይዞራል። 35×7 ላይ ግን የውጭዎቹ ጉንጉኖች ወደ ቀኝ ከዞሩ የውስጦቹ ወደ ግራ ናቸው። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ጭነቱ ሳይዞር ይወጣል።

ቆጣቢው፣ ያንተ ሞባይል ክሬን ላይ 6 ጉንጉን ሊያስኬድ ይችላል። ገመዱ በሁኩና በቡሙ (በክሬኑ ክንድ) ጫፍ መሃል ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፣ የሚወርድበት ቁመትም አጭር ነው። በሁለት መስመር ብቻ 50 ሜትር የሚያወርድ ታወር ክሬን ግን ሌላ ነገር ነው።

35×7 እንከን የለውም አልልም። የውስጥና የውጭ ሽቦዎቹ ተቋርጠው ስለሚነካኩ እርስ በርስ ይፋጫሉ። ስለዚህ ከውስጥ መበጠስ ሊጀምር ይችላል፣ ያ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ይህቺን ያዙልኝ።

ሰማይ_ቤት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ኦፕሬተር ነኝ። እላይ የሚቀመጠው ሰውም ይናገር እንጂ።

ታወር ክሬን ላይ 6 ጉንጉን ገጥመው ያሠሩኝ ጊዜ ነበር። ባዶ ሁክ ስታወርድ ቀስ እያለ መዞር ይጀምራል። ታች ሲደርስ ሁለቱ መስመሮች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ታያቸዋለህ። ያኔ ሁኩ ብትስበው አይወጣም፣ ብትለቀው አይወርድም። ገመዱ እላይ፣ የሚጠመጠምበት ድራም ላይ፣ መላላት ይጀምራል። ያ የላላው ዙር በሌላው ዙር ስር ሲገባ ደግሞ የባሰ መዘዝ አለ።

ከዚያ ምን እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከታች ያሉት ልጆች ሁኩን ይዘው ወደ ኋላ ሊያዞሩት ይታገላሉ። ጭነት ካለበት ደግሞ በማስተካከያ ገመድ ይጎትቱታል። ጣት የሚቆረጠው እዚህ ጋ ነው። ባለቤቱ ያተረፈው ብር ይኸው ነው።

ቆጣቢው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

እሺ፣ መዞሩ ከሆነ ችግሩ መፍትሔው ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ስዊቭል፣ ማለትም በነፃ የሚዞር ማያያዣ፣ ማድረግ ነዋ! ገመዱ እንደልቡ ይዙር፣ ሁኩን አያዞረውም።

ሪገር_አቡዳቢ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

በፍጹም! ይህቺን ማንም እንዳይሞክራት።

6 ጉንጉን ገመድ ነፃ ሆኖ በሚዞር ጫፍ ላይ ከታሰረ ጭነት በመጣ ቁጥር ይፈታል፣ ጭነት ሲወርድ ይመለሳል። በየማንሳቱ እንዲህ ነው። የውጭ ጉንጉኖቹ ሲላሉ ጭነቱ ወደ ኮሩ ይዞራል። ጥንካሬው በግልጽ ይወርዳል። ይበልጥ የሚያሰጋው ደግሞ ይሄ ነው፦ ብዙ ታወር ክሬኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የገመዱ ጫፍ የሚታሰርበት ስዊቭል አላቸው፣ ምክንያቱም ለ35×7 ታስበው ነው የተሠሩት። ፎርማን፣ ያንተ ክሬን ስዊቭል እንዳለው ሄደህ እይ። ካለው 6×36 መግጠም ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም።

ይህ የወረቀት ወሬ አይደለም። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 ሊዝበን ውስጥ የግሎሪያ ፉኒኩላር (በገመድ የሚጎተት የዳገት ባቡር) ገመዱ ተበጥሶ ሠረገላው ቁልቁል ሄደ። 16 ሰው ሞተ። ክሬን አይደለም፣ ግን ያው የብረት ገመድ ነው። የፖርቱጋል መርማሪዎች በመጀመሪያ ሪፖርታቸው ገመዱ ለሰው ማጓጓዣ ያልተመሰከረለት፣ ጫፉ ላይ ስዊቭል ላለው አሠራርም የማይሆን ነበር አሉ። የተበጠሰው ከሠረገላው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት የዓይን ምርመራ ተደርጎለት ነበር። ምንም አልታየም። ያ ቦታ ካልተፈታ በቀር አይታይማ።

እኔ ያንን ካነበብኩ በኋላ የገመድ ጫፍ ሳላይ የምርመራ ወረቀት ላይ አልፈርምም። ከዚያ በፊትም አልፈርምም ነበር፣ አሁን ግን ለሚጨቀጭቀኝ ሰው የማሳየው ነገር አገኘሁ።

ጀማሪ_ፎርማን | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10

ወጥቼ አየሁት። ስዊቭል አለው። ከሰዓት ባለቤቱን ይህንኑ አነብለታለሁ። እሺ ካለኝ 35×7 ስንገዛ ምን ልይ? እንዴትስ ነው የሚገጠመው? ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ሁሌም በልምድ ነው የሚሠሩት።

ሪገር_አቡዳቢ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

ሰርተፍኬት ከሌለው አትግዛ። ሰርተፍኬቱ ላይ የገመዱ ዓይነት፣ ውፍረቱ፣ ደረጃው፣ የመበጠሻ ጉልበቱ፣ የዞረበት አቅጣጫ አለ። የጥቅሉ ቁጥርም አለ። ያ ቁጥር ጥቅሉ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። የሌላ ጥቅል ሰርተፍኬት ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሚሰጥ ሞልቷል፣ እዚህም አለ።

አቅጣጫውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ገመዱን ፊት ለፊትህ ቀጥ አድርገህ ያዝ። የውጭ ጉንጉኖቹ ወደ ላይ ሲሄዱ ወደ ቀኝ ካጋደሉ የቀኝ ነው። ድራሙ ላይ ያለው ቦይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ መሆን አለበት። የግራ ቦይ ላለው ድራም የቀኝ ገመድ። ከተገላበጠ ገመዱ በጠመጠምከው ቁጥር እየላላ ይሄዳል፣ የገዛኸው ጥሩ ገመድ በአጭሩ ይቀራል።

ሲገጠም የማየው ትልቁ ጥፋት ጥቅሉን መሬት ላይ አጋድሞ ገመዱን ከጎን መሳብ ነው። እያንዳንዱ ዙር አንድ ጥምዝ ይጨምርበታል። ጥቅሉ በመሃሉ ብረት ገብቶለት፣ ማቆሚያ ላይ ተሰቅሎ፣ እየዞረ ነው መልቀቅ ያለበት። አንዴ ቋጠሮ ከያዘ ደግሞ በመዶሻ ብታቃናው ዋጋ የለውም። የተቃና ይመስላል፣ ሽቦው ግን ተጎድቷል። አዲሱን ከአሮጌው ጋር በይደው የሚጎትቱም አሉ። የአሮጌው ጥምዝ በሙሉ ወደ አዲሱ ይገባል።

መቁረጥ ካለባችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት የሚቆረጠውን ቦታ ግራና ቀኙን በቀጭን ሽቦ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። 35×7 ላይ ይህቺን መዝለል አይቻልም። ጫፉ ከተፈታ የውስጡና የውጩ ሚዛን ይፈርሳል። ዛሬ ምንም አይመስልም፣ በኋላ መሃል ላይ ጉንጉኖቹ ተከፍተው ሆዱ ይነፋል።

ድራሙ ላይ ሲጠመጠም ደግሞ ተወጥሮ ይሁን። የመጀመሪያው ድርብ ከላላ ከላይ ያለው ሰርጎ ይገባበታል። ሁኩ መሬት ሲነካም ድራሙ ላይ ቢያንስ 3 ዙር ይቅር። ሲያልቅ በቀላል ጭነት ጥቂት ጊዜ አውጡት አውርዱት፣ ገመዱ ቦታ ቦታውን ይያዝ። ከፍተኛውን ጭነት በመጀመሪያው ቀን አትሞክሩ።

ጋሽ_መካኒክ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:40

ልጆቼ፣ ጥሩ ብላችኋል። ግን ስለ ፑሊ ማንም አላነሳም።

አሮጌው ካቦ፣ ገመዱን ማለቴ ነው፣ እያለቀ ሲሄድ ይቀጥናል፣ የፑሊውንም ቦይ በራሱ ልክ ይበላዋል። አዲሱ ካቦ ደግሞ 14 ቢባልም ትንሽ ወፈር ብሎ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው። እስከ 5 በመቶ ይፈቀድለታል። በዚያ በጠበበ ቦይ ስታስገባው ግራና ቀኝ ይጨመቃል። ለ14 ካቦ ቦዩ 15 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። መለኪያው ርካሽ ነው፣ ግዙት። የቦዩን ወለል በጣታችሁ ዳብሱት። የጉንጉኑ ምልክት ተቀርጾ ካገኛችሁ ፑሊው ይቀየር ወይም ይስተካከል። ያንን ሳታደርጉ አዲስ ካቦ መጫን ብር ማቃጠል ነው። እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ አዙሩት። ኩሽኔታው ተይዞ የማይዞር ፑሊ ካቦውን እየፋቀ ነው።

ሌላው ቅባት ነው። የተቃጠለ ዘይት የምትቀቡ እጃችሁን ሰብስቡ። ከሞተር የወጣ ዘይት ጥቀርሻ አለው፣ የብረት ብናኝ አለው፣ አሲድ አለው። ካቦው ላይም አይቆይም፣ ከታች ያሉት ልጆች ራስ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ወፍራም ግራሶ በእጅ መለቅለቅም እምብዛም አይጠቅም። ውጩን ያለብሰዋል፣ ውስጥ አይገባም። የካቦ ቅባት የሚባል አለ፣ ቀጠን ብሎ ሰርጎ የሚገባ። ካቦው ፑሊ ላይ ሲታጠፍ ጉንጉኖቹ ትንሽ ከፈት ይላሉ፣ እዚያ ጋ ነው ማጠጣት። ከዚያ በፊት በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። በናፍጣ አትጠቡት፣ ፋብሪካው ኮሩ ውስጥ የጨመረውን ቅባት አጥቦ ያወጣዋል። እርጥብ እያለም አትቀቡት፣ ውሃውን ውስጥ ትዘጉበታላችሁ። ክረምት ላይ ይህቺ ብዙ ካቦ በልታለች። በበጋ ደግሞ የሲሚንቶ ብናኝ አለ። ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል መሞረጃ ይሆናል።

ቆጣቢው | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:15

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኛ ያደግነው በተቃጠለ ዘይት ነው። ዝገት ይከላከላል። ከምንም ይሻላል።

ጋሽ_መካኒክ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:00

ከምንም አይሻልም ልጄ። ምንም ያልተቀባ ካቦ ቢያንስ ይታያል። በ1834 ጀርመን አገር፣ ሃርዝ ተራራ ላይ ባለ ማዕድን፣ አልበርት የሚባል ሹም የብረት ገመድ የሠራው ሰንሰለት እየተበጠሰ ስላስቸገረው ነው። ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ከሄደች ሄደ። ካቦ ግን መጀመሪያ አንድ ሽቦ፣ ከዚያ ሌላ ሽቦ እያለ ይነግርሃል። አንተ በጥቁር ዘይት ስትለቀልቀው የሚነግርህን ሸፈንከው። እኔ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ካቦ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ደብቃችሁ ነው?» ብዬ ነው።

ጀማሪ_ፎርማን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:50

ባለቤቱ ተስማማ! በተለይ የስዊቭሉ ነገር አሳመነው። አሁን ደግሞ «ይህን ያህል ከፍለን ስንት ጊዜ ይቆያል?» ይለኛል። ስንት ሽቦ ሲበጠስ ነው የሚጣለው?

ሜካኒካል_እህት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

«ይህን ያህል ወር» ብሎ ቃል የሚገባልህ ሰው ካለ አትመነው። ገመዱ ራሱ ነው የሚወስነው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ይመጣል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ለተራ 6 ጉንጉን ገመድ፣ አንድ ጉንጉን ገመዱን አንዴ ዞሮ በሚጨርስበት ርዝመት ውስጥ 6 የተበጠሱ ሽቦዎች፣ ወይም በአንዱ ጉንጉን ብቻ 3 ከተገኙ ይውጣ ይላል። ለማይሽከረከር ገመድ ግን በውፍረቱ 6 እጥፍ ርዝመት ውስጥ 2፣ ወይም በ30 እጥፍ ውስጥ 4 ከሆነ በቃ። ያንተን 14 ሚሊሜትር ውሰድ። 6 እጥፉ 8.4 ሳንቲሜትር ነው። በዚያች ቁራጭ ላይ 2 ሽቦ ብቻ! የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ውጭ 2 ካየህ ውስጥ ስንት እንዳለ አታውቅም። ዓለም አቀፉ የክሬን ገመድ መመዘኛ አይኤስኦ 4309 ደግሞ በየገመዱ ዓይነትና በክሬኑ የሥራ ክብደት የሚለይ ሠንጠረዥ አለው። የክሬንህ መጽሐፍ በየትኛው እንደሚመራ እይና ያንን ተከተል።

የተበጠሰው ሽቦ የወጣበትን ቦታም አስተውል። ከጉንጉኑ ጀርባ ላይ ከሆነ የፑሊ መፋቅ ነው። በሁለት ጉንጉኖች መሃል ካለው ስርጓድ ብቅ ካለ ግን የውስጥ ችግር ምልክት ነው።

ውፍረቱንም ለካ። አይኤስኦ ለማይሽከረከር ገመድ 5 በመቶ መቅጠንን ነው የሚታገሠው። ላንተ 0.7 ሚሊሜትር ማለት ነው። የብረት ኮር ላለው 6 ጉንጉን 7.5 በመቶ፣ የቃጫ ኮር ላለው 10። መነሻው ጥቅሉ ላይ የተጻፈው 14 አይደለም። አዲሱ ገመድ ትንሽ ከሠራ በኋላ ለክተህ መዝገብ ላይ የጻፍከው ቁጥር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሳትለካ እንዳታልፍ። በካሊፐር ስትለካ ከጉንጉን ጀርባ እስከ ትይዩው ጉንጉን ጀርባ ነው፣ ሰፊውን ንባብ ውሰድ። አፉ ሰፊ የሆነ ካሊፐር ቢሆን ይመረጣል። ቀጭኑ ስርጓዱ ውስጥ ገብቶ ያሳስትሃል።

አቅም ካለ ደግሞ በማግኔት ገመዱን ከውስጥ የሚያይ መሣሪያ አለ። ለአንድ ሕንፃ ታወር ክሬን ግን አልገፋፋህም። ገመዱን በጊዜ መቀየር ይረክሳል።

ሰማይ_ቤት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

የትሮሊውን፣ ሁኩን ይዞ ቡሙ ላይ የሚመላለሰውን ጋሪ፣ ገመድም አትርሱ! ሁሉም ሰው ማንሻውን ብቻ ነው የሚያየው። የትሮሊው ቀጭን ስለሆነ ይናቃል። ሲበጠስ ትሮሊው ከነጭነቱ ቡሙ ላይ እንዳሻው ይንሸራተታል። እሱን የሚይዝ የደህንነት ብረት አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ በቀለምና በዝገት ተጣብቆ ነው የማገኘው። በእጅ ነካ ነካ አድርጋችሁ መውደቁን እዩ። ቆጣቢውም ደስ ይበለው፣ እዚያ ላይ 6 ጉንጉን ትክክል ነው፣ ጭነት ስለማይንጠለጠልበት።

ደግሞ ስትመረምሩ የሚሮጥ ገመድ ላይ እጅ አይደረግ፣ ጓንት ቢኖርም። የተበጠሰ ሽቦ ጓንቱን ይዞ ወደ ፑሊው ይወስድሃል። አስቁሙት፣ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እየዳበሳችሁ እለፉ። ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ ሽቦ አለ። ከዚያ ትንሽ አንቀሳቅሱና እንደገና።

ጀማሪ_ፎርማን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

አንድ የመጨረሻ። ጫፉ የሚታሰረው በሽብልቅ ነው። ልጆቹ ለጥንቃቄ ብለው ትርፉን ጫፍና ዋናውን ገመድ አንድ ላይ በክሊፕ ጠፍረውታል። ልክ ነው?

ሪገር_አቡዳቢ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:05

ልክ አይደለም። ዛሬውኑ ይፈታ። ሽብልቁ የሚሠራው ጭነት በመጣ ቁጥር ይበልጥ እየገባ በመጥበቅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጠፍር ጭነቱ በክሊፑ በኩል ወደ ትርፉ ጫፍ ይሻገራል፣ ሽብልቁም አይጠብቅም። ክሊፑ ዋናውን ገመድ ይነክሳል። ሽቦ ሲበጠስ የምታየው እዚያው ክሊፑ ስር ነው። ክሊፕ የሚገባው ትርፉ ላይ ብቻ ነው፣ ሾልኮ እንዳይወጣ። ትርፉም ለማይሽከረከር ገመድ ቢያንስ የውፍረቱ 20 እጥፍ ይሁን፣ ላንተ 28 ሳንቲሜትር። ዋናው ገመድ ደግሞ ከፒኑ ጋር ቀጥ ብሎ ነው መውጣት ያለበት። ሽብልቁን ገልብጠው ከሆነ ጎበጥ ብሎ ታየዋለህ።

ጀማሪ_ፎርማን | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:15

ተፈትቷል። ያልከው ቦታ ላይ ክሊፑ ስር ሽቦ ተበጥሶ አገኘን። አዲሱ ገመድ እስኪመጣ ክሬኑ ቆሟል፣ ባለቤቱም አኩርፏል። አሮጌውን ገመድ ደግሞ ጎረቤት ያለ የጭነት መኪና ሹፌር ለመጎተቻ ስጡኝ ይለኛል። ቆራሌውም በር ላይ ቆሟል።

ጋሽ_መካኒክ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:00

ለሹፌሩ እንዳትሰጥ። ነገ የሆነ ሳይት ላይ ስሊንግ (የጭነት ማንጠልጠያ) ሆኖ ታገኘዋለህ። ለቆራሌው ስጠው፣ ግን መጀመሪያ በግራይንደር ሜትር ሜትር አድርገህ ቁረጠው። እዚያው ቆመህ ሲቆረጥ እይ።